የኢንሱሊንን ቅርጽ የያዙትን ቦንዶች አንድ በአንድ ፈልጎ ማግኘት፦ ዝርዝር መመሪያ

የፕሮቲንን ቅርጽ የሚያጸኑት ቦንዶች የትኞቹ ናቸው ተብሎ ሲጠየቅ ባዮኬሚስትሪ የተማረ ሁሉ ዝርዝሩን ሳይደናቀፍ ይወጣዋል፤ ፔፕታይድ፣ ዳይሰልፋይድ፣ ሃይድሮጅን፣ አዮኒክ፣ ሃይድሮፎቢክ። ጥያቄው ትንሽ ጠለቅ ብሎ «ታዲያ ፕሮቲኑ ተጣጥፎ እንዲቆይ ያደረገው የትኛው ነው?» ሲሆን ግን ብዙው ተማሪ «ጠንካራው ነዋ» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ትክክል አይደለም። ጠንካሮቹ ቦንዶች ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ ያደርጋሉ። ቅርጹን የሚሰጡት ግን እያንዳንዳቸው ደካማ የሆኑ በርካታ ትስስሮች ናቸው፣ እነሱም ከውሃ ጋር እየተፎካከሩ። ይህን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ፕሮቲን ይዞ ቦንዶቹን በእጅ መቁጠርና በዓይን ማየት ይሻላል።

እኔ የምመርጠው ኢንሱሊንን ነው። 51 አሚኖ አሲድ ብቻ ስላለው አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል። የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ የታወቀለት የመጀመሪያው ፕሮቲንም እሱ ነው፤ ፍሬድሪክ ሳንገር ካምብሪጅ ውስጥ ሥራውን በ1955 አጠናቆ በ1958 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። የቦታ አቀማመጡን ያሳየችው ዶርቲ ሆጅኪን ደግሞ የመጀመሪያውን የኤክስሬይ ፎቶ በ1935 አንስታ መልሱን ያገኘችው በ1969 ነው፤ 34 ዓመት ፈጅቶባታል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከሁሉም በላይ፣ ከላይ የዘረዘርናቸው ቦንዶች በሙሉ እዚህ ትንሽ ሞለኪውል ውስጥ ይገኛሉ።

የሚያስፈልግዎ ወረቀት፣ የተለያየ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች እና ኢንተርኔት ያለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ቢሆን ይመረጣል፤ አተም በጣት ነክቶ መምረጥ ያስቸግራል።

ደረጃ 1፦ ሰንሰለቶቹን ጽፈው ቀለም ይቀቡ

ኢንሱሊን ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ሰንሰለቶች አሉት። እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ በተራ ቁጥሩ እየለዩ ይጻፉ።

ኤ ሰንሰለት (21)፦ ግላይሲን፣ አይሶሉሲን፣ ቫሊን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ግሉታሚን፣ ሲስቴይን፣ ሲስቴይን፣ ትሪዮኒን፣ ሴሪን፣ አይሶሉሲን፣ ሲስቴይን፣ ሴሪን፣ ሉሲን፣ ታይሮሲን፣ ግሉታሚን፣ ሉሲን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ አስፓራጂን፣ ታይሮሲን፣ ሲስቴይን፣ አስፓራጂን።

ቢ ሰንሰለት (30)፦ ፌኒላላኒን፣ ቫሊን፣ አስፓራጂን፣ ግሉታሚን፣ ሂስቲዲን፣ ሉሲን፣ ሲስቴይን፣ ግላይሲን፣ ሴሪን፣ ሂስቲዲን፣ ሉሲን፣ ቫሊን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ አላኒን፣ ሉሲን፣ ታይሮሲን፣ ሉሲን፣ ቫሊን፣ ሲስቴይን፣ ግላይሲን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ አርጂኒን፣ ግላይሲን፣ ፌኒላላኒን፣ ፌኒላላኒን፣ ታይሮሲን፣ ትሪዮኒን፣ ፕሮሊን፣ ላይሲን፣ ትሪዮኒን።

አሁን ቀለም ይስጡ። ሲስቴይኖችን በቢጫ፣ ግሉታሚክ አሲዶችን በቀይ፣ አርጂኒንና ላይሲንን በሰማያዊ፣ ሂስቲዲንን በሐምራዊ፣ ውሃ የማይወዱትን (ሉሲን፣ አይሶሉሲን፣ ቫሊን፣ ፌኒላላኒን፣ አላኒን) በጥቁር ያክብቡ። ይህን ሥራ አይዝለሉት፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ወረቀት ላይ ይነበባል። ከዚህ በታች ኤ6 ስል በኤ ሰንሰለት ስድስተኛውን አሚኖ አሲድ ማለቴ ነው።

ደረጃ 2፦ የፔፕታይድ ቦንዶችን ይቁጠሩ

አንዱ አሚኖ አሲድ ከቀጣዩ ጋር ሲያያዝ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣና የካርቦንና የናይትሮጅን ቦንድ ይፈጠራል። ባለ 21 ሰንሰለት 20፣ ባለ 30 ሰንሰለት 29 ፔፕታይድ ቦንድ አለው፤ በድምሩ 49። 50 ያገኘ ሰው ሁለቱን ሰንሰለቶች እንደ አንድ ቆጥሯቸዋል።

ቁጥሩ ቀላል ነው፤ ልብ ሊባል የሚገባው የቦንዱ ጠባይ ነው። የተለመደው የካርቦንና ናይትሮጅን ነጠላ ቦንድ ርዝመቱ 1.47 አንግስትሮም (አንድ አንግስትሮም የሜትር አንድ አስር ቢሊዮንኛ ነው) አካባቢ ሲሆን የፔፕታይድ ቦንድ ግን 1.33 ገደማ ነው። ያጠረው በከፊል የድርብ ቦንድ ጠባይ ስላለው ነው። በዚህም ምክንያት በቀላሉ አይሽከረከርም፤ በዙሪያው ያሉት ስድስት አተሞች አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይቀመጣሉ። ሰንሰለቱ ሊታጠፍ የሚችለው ከዚህ ገጽ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ነጠላ ቦንዶች ብቻ ነው። ሊነስ ፖሊንግ፣ ሮበርት ኮሪና ኸርማን ብራንሰን በ1951 የአልፋ ሄሊክስን (ሰንሰለቱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚጠቀለልበትን ቅርጽ) ሞዴል በትክክል የሠሩት ይህን ጠፍጣፋነት አጥብቀው በመያዛቸው ነበር።

ይህ ቦንድ በቤተ ሙከራ ሲሰበር የተለመደው አሠራር ፕሮቲኑን በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። እንቁላል ሲቀቀል ፔፕታይድ ቦንዶቹ አይነኩም። ታዲያ ነጩን ያጠነከረው ምንድን ነው? መልሱ በሚቀጥሉት ደረጃዎች ላይ ይገኛል።

ደረጃ 3፦ ሲስቴይኖችን ያጣምሩ

ቢጫ የቀቧቸውን ይቁጠሩ፤ ኤ6፣ ኤ7፣ ኤ11፣ ኤ20፣ ቢ7 እና ቢ19፣ በጠቅላላው ስድስት። የሁለት ሲስቴይን ሰልፈሮች ሃይድሮጅናቸውን ጥለው ሲያያዙ ዳይሰልፋይድ ቦንድ ይሆናል። ስድስቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ማጣመር በስንት መንገድ ይቻላል? የመጀመሪያው 5 ምርጫ አለው፣ ከቀሩት አራት አንዱ 3 ምርጫ አለው፣ የመጨረሻዎቹ 1፤ 5 በ3 ሲባዛ 15። የሚሠራው ኢንሱሊን ግን አንዱ ብቻ ነው፦ ኤ6 ከኤ11፣ ኤ7 ከቢ7፣ ኤ20 ከቢ19። ሦስቱን መስመሮች ወረቀቱ ላይ ያስምሩ። የመጀመሪያው በኤ ሰንሰለት ውስጥ ቀለበት ይሠራል፤ ሁለቱ ሰንሰለቶቹን ያገናኛሉ።

ከ15 አማራጮች ትክክለኛውን የመረጠው ማን ነው? ዳይሰልፋይዱ ራሱ ሊመርጥ አይችልም፤ ለሰልፈር የትኛውም ሰልፈር አንድ ነው። ክርስቲያን አንፊንሰን ይህን አር ኤን ኤን በሚቆርጠው ኢንዛይም፣ በሪቦኑክሊየስ ኤ ላይ አሳይቷል። ስምንት ሲስቴይን ስላሉት 105 ማጣመሪያዎች አሉት። ደካማ ትስስሮችን በሚፈታው 8 ሞላር ዩሪያ እና ዳይሰልፋይድን በሚሰብረው መርካፕቶኤታኖል ፕሮቲኑን ፈትቶ ሁለቱንም ካስወገደ በኋላ ፕሮቲኑ ራሱን መልሶ አጣጠፈ፣ ሥራውንም ቀጠለ። ዩሪያው እያለ ሰልፈሮቹ እንዲያያዙ ሲደረግ ግን በዘፈቀደ ተጣመሩ፤ ኢንዛይሙ የቀረው አቅም ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነበር። እንግዲህ ደካሞቹ ትስስሮች ሰንሰለቱን አጣጥፈው ትክክለኛዎቹን ሲስቴይኖች ያቀራርባሉ፣ ዳይሰልፋይዱ መጥቶ ያጸናዋል። አንፊንሰን በ1972 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ለዚህ ሥራ ነው።

ኢንሱሊን እዚህ ላይ የራሱ ታሪክ አለው። በቆሽት ሕዋስ ውስጥ መጀመሪያ የሚጣጠፈው 86 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮኢንሱሊን ሆኖ፣ አንድ ሰንሰለት እያለ ነው። ሦስቱ ዳይሰልፋይዶች ከተሠሩ በኋላ መካከለኛው ክፍል፣ ሲ ፔፕታይድ የሚባለው፣ ተቆርጦ ይወጣል። የተጠናቀቀውን ኢንሱሊን ዳይሰልፋይዶቹን ብንሰብርበት ሁለቱ ሰንሰለቶች ይለያያሉ፣ መልሰው በትክክል መገናኘትም ይከብዳቸዋል።

ደረጃ 4፦ መዋቅሩን በኢንተርኔት ይክፈቱ

በ1971 የተቋቋመው ፕሮቲን ዳታ ባንክ የፕሮቲኖችን የአተም አቀማመጥ ለማንም በነፃ ይሰጣል። በመፈለጊያው ላይ 4 ቁጥርን፣ ቀጥሎም አይ፣ ኤን፣ ኤስ የተባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ሳይለያዩ ይጻፉ። የሚመጣው የአሳማ ኢንሱሊን ነው። ከሰው ኢንሱሊን የሚለየው በቢ30 ላይ ብቻ ነው፤ በትሪዮኒን ፈንታ አላኒን አለ። ለዓመታት የስኳር ሕሙማን የአሳማ ኢንሱሊን ሲወጉ የኖሩትም ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ ነው።

ምስሉን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየውን ክፍል ይጫኑ፤ ሞልስታር የተባለው ማሳያ እዚያው ገጹ ላይ ይከፈታል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተጨማሪ ፕሮግራም ማስገባት አያስፈልግም። ጀማሪዎች እዚህ ጋ ሁለት ነገር ያደናግራቸዋል። አንደኛ፣ ፋይሉ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚባሉ አራት ሰንሰለቶች አሉት፤ ኤ እና ቢ አንዱ ኢንሱሊን፣ ሲ እና ዲ ሁለተኛው ኢንሱሊን ናቸው። ማሳያው ስድስት ኢንሱሊን በአንድ ላይ ካመጣ፣ መዋቅሩን ከሚመርጡበት ዝርዝር ወደ መሠረታዊው የክሪስታል ክፍል ይቀይሩት። ሁለተኛ፣ ሃይድሮጅኖቹ አይታዩም። ኤክስሬይ በኤሌክትሮኖች ስለሚበተን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያለው ሃይድሮጅን አብዛኛውን ጊዜ አይለይም። ስለዚህ ሃይድሮጅን ቦንድ ስንለካ ከናይትሮጅን እስከ ኦክስጅን እንለካለን።

ርቀት ለመለካት የመምረጫ ሁነታውን ያብሩ፣ የምርጫውን ደረጃ ወደ አንድ አተም ያውርዱ፣ ሁለት አተሞችን ይጫኑና ከመለኪያዎቹ ርቀት የሚለውን ይምረጡ። አንድ አሚኖ አሲድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ ማሳያው ወደዚያ ጠጋ ብሎ ጎረቤቶቹን ያወጣል፣ በደካማ ቦንድ የተያያዙትንም በጭረት ያገናኛቸዋል። ጭረቱን ብቻ አይመኑ፤ ራስዎ ይለኩ።

ለሙከራ ከኤ20 ሰልፈር እስከ ቢ19 ሰልፈር ይለኩ። ከ2.05 አንግስትሮም ብዙም የማይርቅ ቁጥር ያገኛሉ።

ደረጃ 5፦ የሃይድሮጅን ቦንዶችን በሄሊክሱ ላይ ይከተሉ

ኢንሱሊን ሦስት ሄሊክስ አለው፤ ሁለቱ በኤ ሰንሰለት ጫፎች አካባቢ፣ ረጅሙ ከቢ9 እስከ ቢ19። በረጅሙ ይጀምሩ። ሕጉ አንድ ነው፤ የአንዱ አሚኖ አሲድ የካርቦኒል ኦክስጅን ከእሱ አራት ቁጥር ከፍ ካለው የአሚድ ናይትሮጅን ጋር ይያያዛል። የቢ11ን ኦክስጅንና የቢ15ን ናይትሮጅን መርጠው ይለኩ፤ ከዚያ ቢ12ን ከቢ16፣ ቢ13ን ከቢ17። ጥሩ ሃይድሮጅን ቦንድ 2.8 እስከ 3.2 አንግስትሮም አካባቢ ነው፤ ከ3.5 ካለፈ አይቁጠሩት። ርቀት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ወደ ቀጥታ መስመር መጠጋት አለባቸው። ሄሊክሱን ከጎን ሲያዩት ቦንዶቹ በሙሉ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆነው ይታያሉ። በአንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲድ አለ፣ አንዱ ዙርም 5.4 አንግስትሮም ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያዎች የሚዘሉትን ላንሳ። አንድ ሃይድሮጅን ቦንድ ተሠራ ማለት ያን ያህል ትርፍ ተገኘ ማለት አይደለም። ሰንሰለቱ ተዘርግቶ ሳለ ያው ናይትሮጅንና ያው ኦክስጅን ከውሃ ጋር ተያይዘው ነበር። ሲጣጠፍ ከውሃው ተላቀው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ የሚቀረው ልዩነት ትንሽ ነው። ነገር ግን ከውሃ ተላቆ ጓደኛ ያጣ የአሚድ ቡድን ውስጥ ተቀብሮ ቢቀር ኪሳራው ትልቅ ይሆናል። ፕሮቲኖች በውስጣቸው ሄሊክስና ሺት (ጎን ለጎን የተኙ የሰንሰለት ክፍሎች) የሚሠሩትም ለዚህ ነው፤ ሁሉንም ቡድኖች ያጣምሩላቸዋል።

ደረጃ 6፦ ቻርጆቹን ይደምሩ

ወደ ወረቀቱ ይመለሱ። በደም ፒኤች (7.4) ኔጌቲቭ የሆኑት ኤ4፣ ኤ17፣ ቢ13፣ ቢ21 እና የሁለቱ ሰንሰለቶች የካርቦክሲል ጫፎች ናቸው፤ ስድስት። ፖዘቲቭ የሆኑት ቢ22፣ ቢ29 እና ሁለቱ የአሚኖ ጫፎች ናቸው፤ አራት። ሂስቲዲኖቹ በዚህ ፒኤች በአብዛኛው ቻርጅ የላቸውም። ድምሩ ኔጌቲቭ 2 ነው።

አሁን ማሳያው ላይ የቢ22 አርጂኒንን ጫፍ ያግኙና በአቅራቢያው ኔጌቲቭ ኦክስጅን ይፈልጉ፤ የኤ21ን ጫፍ በተለይ ይመልከቱ። ርቀቱ ከ4 አንግስትሮም በታች ከሆነ የጨው ድልድይ እንለዋለን። ከዚያ ያንኑ በሁለተኛው ኢንሱሊን (ሲ እና ዲ) ላይ ይድገሙት። ሁለቱ ሞለኪውሎች ፍጹም አንድ አይደሉም፤ በገጽ ላይ ያሉ የጎን ሰንሰለቶች ይንቀሳቀሳሉ። በገጽ ላይ ያለ የጨው ድልድይ ለመረጋጋት የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ዙሪያውን የከበበው ውሃ ቻርጆቹን ያደበዝዛቸዋል።

ይህ ትንሽ ድምር ግን በመድኃኒት ላይ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ግላርጂን የተባለው ረጅም ጊዜ የሚቆይ ኢንሱሊን በቢ ሰንሰለት መጨረሻ ሁለት አርጂኒን ተጨምሮለታል፣ ኤ21ም በግላይሲን ተተክቷል። ድምሩን ይሥሩት፤ ከኔጌቲቭ 2 ወደ ዜሮ ይመጣል። ቻርጅ የሌላቸው ሞለኪውሎች እርስ በርስ አይገፋፉም። ስለዚህ በብልቃጡ ውስጥ በፒኤች 4 ሟሙቶ የነበረው መድኃኒት ከቆዳ ሥር ሲገባ ይረጋል፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እየሟሟ ወደ ደም ይገባል።

ደረጃ 7፦ የውስጡን እምብርት ይመልከቱ

ማሳያውን አተሞች እንደ ሙሉ ኳስ ወደሚታዩበት መልክ ይቀይሩና አሚኖ አሲዶችን በውሃ ጠልነታቸው ቀለም ያስለዩ። ኤ2፣ ኤ3፣ ኤ16፣ ቢ6፣ ቢ11፣ ቢ15 እና ቢ18ን ይምረጡ። በወረቀቱ ላይ ተራርቀው የነበሩት እነዚህ ሁሉ ውስጥ ተሰብስበው ክፍተት ሳይተዉ ተጠጋግተዋል፤ የኤ6 እና ኤ11 ዳይሰልፋይድም አብሯቸው ተቀብሯል። ካርቦን ከካርቦን 4 አንግስትሮም አካባቢ ይለያያል፤ ይህ የቫንደርቫልስ ንክኪ ርቀት ነው።

ይህን «ሃይድሮፎቢክ ቦንድ» ማለት የተለመደ ቢሆንም በሁለት አተሞች መካከል የተሠራ ቦንድ አይደለም። ዘይት ውሃ ላይ ሲፈስ እንደሚሰበሰበው፣ ዋናው ምክንያት ያለው ውሃው ዘንድ ነው። ውሃ ውሃ ጠል ገጽን ሲከብ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ያቅተውና ሥርዓት ይይዛል፤ ያ ገጽ ሲቀበር ውሃው ነፃ ይወጣል፣ ኤንትሮፒም (የሥርዓት አልባነት መጠን) ይጨምራል። ዋልተር ካውዝማን በ1959 ይህ የፕሮቲን መታጠፍ ዋና ኃይል መሆኑን ካብራራ ወዲህ ሐሳቡ ጸንቶ ቆይቷል። የእንቁላሉ ነጭ ሲቀቀል የሚሆነውም እዚህ ይገባል፤ ሙቀቱ ደካሞቹን ትስስሮች ሲፈታ የተቀበሩት ውሃ ጠል ክፍሎች ይጋለጣሉ፣ የየፕሮቲኑም ክፍሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ይረጋሉ።

ደረጃ 8፦ ዚንኩንና ጎረቤቶቹን ያግኙ

አሁን ስድስቱን ኢንሱሊኖች በአንድ ላይ የሚያሳየውን መዋቅር ይክፈቱ። መካከል ላይ ሁለት ዚንክ አሉ፤ እያንዳንዱን ዚንክ ሦስት የቢ10 ሂስቲዲኖች ይዘውታል። ከዚንክ እስከ ናይትሮጅን ይለኩ፤ 2 አንግስትሮም ገደማ ይሆናል። ቆሽት ኢንሱሊንን የሚያከማቸው በዚህ የስድስት ጥምረት ነው።

በጥንዶቹ መካከል ደግሞ የሁለቱ ቢ ሰንሰለቶች ጫፎች (ከቢ24 እስከ ቢ28) ጎን ለጎን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ተኝተው ቤታ ሺት ሠርተዋል፤ በቢ24 እና በቢ26 መካከል አራት ሃይድሮጅን ቦንዶች ያገኛሉ። ሥራውን የሚሠራው ግን ነጠላው ኢንሱሊን ስለሆነ ይህ ጥምረት ከቆዳ ሥር እስኪፈታ ጊዜ ይወስዳል። በ1996 ለገበያ የበቃው ሊስፕሮ ቢ28 እና ቢ29ን ቦታ በማቀያየር ብቻ ይህን ጥምረት አላልቶታል፤ ስለዚህም በፍጥነት ይሠራል። የሁለት አሚኖ አሲዶች ቦታ መቀያየር ሕመምተኛው ከምግብ በፊት የሚጠብቀውን ጊዜ አሳጠረለት።

ደረጃ 9፦ እያንዳንዱን ቦንድ በሐሳብ ይስበሩ

መርካፕቶኤታኖል ቢጨመር ሦስቱ ዳይሰልፋይዶች ይሄዳሉ፣ ሰንሰለቶቹም ይለያያሉ። ዚንክን አጥብቆ የሚይዝ ኢዲቲኤ ቢጨመር ስድስቱ ይበተናሉ፤ እያንዳንዱ ኢንሱሊን ግን ቅርጹን እንደያዘ ነው። ፒኤች ቢቀየር የጨው ድልድዮቹ ይናወጣሉ። ዩሪያ በብዛት ቢጨመር ከሰንሰለቱ ጋር ራሱ ሃይድሮጅን ቦንድ ይሠራል፣ ውሃ ጠል ክፍሎችንም ውጭ መቆየት ያን ያህል አይከብዳቸውም። በሙቀት የተተኮሰ ፀጉር ርጥበት ሲነካው ተመልሶ የሚጠቀለለው የተፈቱት ሃይድሮጅን ቦንዶች ብቻ ስለነበሩ ነው፤ ፐርም የሚቆየው ደግሞ ታዮግላይኮሌት የተባለው ኬሚካል የፀጉሩን ፕሮቲን፣ የኬራቲንን፣ ዳይሰልፋይዶች ሰብሮ በሌላ ቅርጽ እንዲያያዙ ስለሚያደርግ ነው።

ሒሳቡን በቁጥር ካስቀመጥነው፣ አንድ ዳይሰልፋይድን ለመስበር 250 ኪሎጁል በሞል ገደማ ይጠይቃል። የተጣጠፈ ፕሮቲን ከተዘረጋው የሚበልጥበት መረጋጋት ግን በአብዛኛው ከ20 እስከ 60 ኪሎጁል በሞል ብቻ ነው፤ የጥቂት ሃይድሮጅን ቦንዶች ዋጋ ማለት ነው። ፕሮቲን ሁልጊዜ ለመፈታት ጥቂት ቀርቶት ይኖራል።

ኢንሱሊን በቤታቸው ያላቸው ሰዎች ይህን ልዩነት በየቀኑ ይጠብቃሉ። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀመጠው፣ በረዶ የሠራው የሚጣለው፣ ደመናማው ዓይነት በኃይል ሳይናጥ በመዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ የሚንከባለለው ለዚህ ነው። ሙቀትና መናጥ ኢንሱሊኑን በከፊል ሲፈቱት እምብርቱ ይጋለጣል፣ ሞለኪውሎቹም ተጣብቀው ክር መሰል ዝቃጭ ይሠራሉ። በዚያ ዝቃጭ ውስጥ 49ኙ ፔፕታይድ ቦንዶችም ሦስቱ ዳይሰልፋይዶችም አልተሰበሩም፤ መድኃኒቱ ግን አይሠራም።

ደረጃ 10፦ ብቻዎን ይሞክሩት

ቀጣዩ የአንፊንሰን ሪቦኑክሊየስ ኤ ይሁን። ኮዱ 7 ቁጥር ሲሆን ቀጥለው አር፣ ኤስ፣ ኤ የተባሉት ፊደላት ይመጣሉ። አንድ ሰንሰለት፣ 124 አሚኖ አሲድ አለው። መዋቅሩን ከመክፈትዎ በፊት ፔፕታይድ ቦንዶቹን ይቁጠሩ፤ ከዚያ ሲስቴይኖቹን ብቻ አብርተው ጥንዶቹን በመለካት ይለዩ። በትክክል ከሠሩ 26 ከ84፣ 40 ከ95፣ 58 ከ110፣ 65 ከ72 ያገኛሉ።